ብቻችሁን ለምትወጡ፦ መኪና፣ ድንኳን፣ ተራራና ዋሻ

ብቻዬን በመኪና ወጥቼ ድንኳን ውስጥ እንደማድር የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አትፈሪም እንዴ?» ብሎ ነው። እፈራለሁ እንጂ። ግን የምፈራው እሱ የሚያስበውን አይደለም። አውሬም ሌባም ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ «ኧረ በቃ፣ እንመለስ» የሚለኝ ሰው አጠገቤ አለመኖሩ ነው።

ሁለት ሆነው ሲጓዙ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይነዳል። አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሳል። አንዱ ልቡ ሲያብጥ ሌላው ይቆጣዋል። ብቻችሁን ስትሆኑ ይህን ሁሉ የሚሠራላችሁ የለም። ስለዚህ የዚያን ሰው ሥራ ገና ቤት ሳላችሁ፣ ሳይደክማችሁና ሳይርባችሁ፣ ጨርሳችሁት መውጣት አለባችሁ።

ከዋሻው ጀምሩ

ብዙ ሰው ጉዞ ሲያቅድ ካርታ ዘርግቶ ከመንገዱ ይጀምራል። እኔ ከዋሻው ነው የምጀምረው። በጉዞው ውስጥ ቁርጥ ያለ ሰዓት ያለው እሱ ነው። ተራራው ነገም እዚያው ነው። የዋሻ ጉብኝት ግን ቲኬት አለው፣ ተራ አለው፣ አስጎብኚው ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ከፍቶ ይገባል። አሥር ደቂቃ የዘገየ ሰው ውጭ ይቀራል።

እና መጀመሪያ የዋሻውን ቀንና ሰዓት ያዙ። ሃይኪንጉን፣ ማለትም የተራራውን የእግር ጉዞ፣ ከሱ በፊት ባለው ቀን አድርጉት። ዝናብ ቢመጣና ቀን ማሸጋሸግ ቢያስፈልግ የምታሸጋሽጉት ሃይኪንጉን ነው። ከተራራ ማግስት ጉልበት ይዝላል፤ ዋሻ ውስጥ ግን ሩጫ የለም፣ አስጎብኚው በየቦታው እየቆመ ያወራል። ደረጃ የበዛበት ዋሻ ከሆነ ግን በሁለቱ መካከል አንድ የዕረፍት ቀን አስገቡ።

ስትመዘገቡ አትፈሩ፣ ጠይቁ። ስንት ደረጃ አለው? ስንት ሰዓት ይፈጃል? የምንወጣው በገባንበት ነው? ጠባቡ ቦታ ምን ያህል ይጠብባል? ብቻውን የመጣ ሰው ትቀበላላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ ወሳኝ ነው። አንዳንድ ጉብኝት ሰው ካልሞላ አይወጣም።

«የዋሻ ጉብኝት» ሲባል ደግሞ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ መብራት የተዘረጋለት፣ መደገፊያ ያለው፣ ቆማችሁ የምትሄዱበት ነው። ሌላው ሄልሜት አጥልቃችሁ በደረታችሁ የምትሳቡበት ነው። አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ያለውን የማሞዝ ዋሻ ብንወስድ፣ እስካሁን በካርታ የተያዘው ብቻ ከ680 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዓለም ረጅሙ ነው። እዚያ ቤተሰብ ልጁን ይዞ የሚገባበት ጉብኝትም አለ፣ ደረቱ ወይም ዳሌው ከ107 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ሰው ስለማያልፍ አስቀድሞ በሜትር የሚለካበት የመሳብ ጉብኝትም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የመጀመሪያውን ምረጡ። መሳቡ የትም አይሄድባችሁም።

ቤት የሚቀረው ሰው

ከዕቃ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ቤት የሚቀር፣ የት እንዳላችሁ የሚያውቅ አንድ ሰው ያስፈልጋችኋል። የእኔ ታናሽ እህቴ ናት። እናቴን አልመረጥኩም። እናቴ አምስት ደቂቃ ከዘገየሁባት አገር ታምሳለች። የምትመርጡት ሰው የሚወዳችሁ መሆኑ አይበቃም። ስልኩን የሚያነሳ፣ የማይደነግጥ፣ የተባለውን በተባለው ሰዓት የሚያደርግ መሆን አለበት።

ከመውጣቴ በፊት ለእህቴ የምሰጣት አንድ ገጽ አለ። የመኪናው ቀለምና ታርጋ፣ የድንኳኑ ቀለም፣ በየትኛው ቀን የት እንደማድር፣ የትኛውን የእግር መንገድ ከየትኛው ወገን እንደምጀምር፣ የዋሻው ጉብኝት የሚያልቅበት ሰዓት፣ የአካባቢው የነፍስ አድን ወይም የፓርክ ጠባቂዎች ስልክ። ከዚያ ሁለት ሰዓቶች አሉ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መልእክት እልክላታለሁ። 1 ሰዓት ቢያልፍ አትጨነቅም፤ ኔትወርክ የለም ማለት ሊሆን ይችላል። 3 ሰዓት ካለፈ ግን ትደውላለች፣ ካላነሳሁ ለጠባቂዎቹ ትነግራለች። «ትንሽ እንጠብቅ» የለም። ይህን ቁጭ ብለን ተነጋግረንበታል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ሕግ አለ። መንገድ መቀየር ካማረኝ መጀመሪያ ለእህቴ እነግራለሁ። ኔትወርክ ከሌለ አልቀይርም። ምንም ቢያምር።

በ2018 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ታይላንድ ውስጥ 12 ታዳጊ ኳስ ተጫዋቾችና አሠልጣኛቸው ታም ሉዋንግ የሚባል ዋሻ ገብተው ጎርፍ መውጫቸውን ዘጋው። የት እንዳሉ የታወቀው ብስክሌቶቻቸው ከዋሻው ደጅ ቆመው ስለተገኙ ነው። ያም ሆኖ የመጨረሻዎቹ እስኪወጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጅቷል። ብስክሌቶቹ ባይኖሩ ፍለጋው ከየት ይጀመር ነበር? ብቻውን የሚሄድ ሰው እንዲህ ያለ ምልክት ትቶ ይሂድ። እኔ መኪናው ውስጥ የሄድኩበትን መንገድና የምመለስበትን ሰዓት የጻፍኩበት ወረቀት እተዋለሁ። መስታወቱ ላይ ግን አልለጥፈውም፤ «ባለቤቱ እስከ ማታ አይመለስም» ብሎ ለሌባ ማስታወቂያ መለጠፍ ነው። የመኪናው ኪስ ውስጥ ነው የማስቀምጠው፣ እህቴም የት እንዳለ ታውቃለች።

ፎቶ መለጠፉም እንደዚሁ ነው። ያላችሁበትን ቦታ ከቦታው ከለቀቃችሁ በኋላ ለጥፉ።

መኪናው

አዲስ መኪና አያስፈልግም። የእኔም አሮጌ ነው። ከመውጣቴ በፊት ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ ፍሬን፣ መብራት አያለሁ። የጎማ ንፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ነው፤ ከነዳችሁ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ስኮርታውንም አትርሱት፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቤታችሁ በር ላይ ሳላችሁ ጎማ ፈታችሁ ግጠሙ። የጎማ ብሎን በማሽን ስለሚጠብቅ በእጅ አልፈታ ሊል ይችላል። መፍቻውን አስገብታችሁ በእግራችሁ መርገጥ ሊኖርባችሁ ነው። ያም ካልፈታው ረዘም ያለ መፍቻ ይገዛል። ይህን ሰው በማያልፍበት መንገድ ላይ ከማወቅ በር ላይ ማወቅ ይሻላል። ክሪክ የምታስገቡትም መኪናው ማርሽ ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው መሬት ላይ እያለ ብሎኖቹ ትንሽ ከላሉ በኋላ ነው።

ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ። ረጅም ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ብቻ እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ያደክመዋል።

እንቅልፍ ደግሞ የብቸኛ ሾፌር ትልቁ ጠላት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ለ4 ሴኮንድ ብቻ ብታንጎላጁ 110 ሜትር ያህል ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሄዳችኋል። ሙዚቃ ማስጮህና መስኮት መክፈት አያድንም። የሚያድነው መቆም ነው። እኔ የማደርገው፣ ቡና እጠጣና ወዲያው ወንበሩን አስተኝቼ 20 ደቂቃ እተኛለሁ። ቡናው ሥራውን የሚጀምረው ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ ስነቃ ሁለቱም ይደርሱልኛል። በየሁለት ሰዓቱ ባይደክመኝም እቆማለሁ።

ድንኳን

ፀሐይ ከመጥለቋ ከሁለት ሰዓት በፊት ማደሪያችሁ ድረሱ። ጨለማ ውስጥ የተመረጠ ቦታ ጠዋት ያስገርማል። ሰዓት ከሌላችሁ እጃችሁን ዘርግታችሁ በፀሐይዋና በአድማሱ መካከል ስንት ጣት እንደሚገባ ቁጠሩ። አንዱ ጣት ወደ 15 ደቂቃ ይሆናል።

ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ ወደ ላይ እዩ። የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ከሥሩ አትደሩ። ከዚያ ወደ ታች እዩ። የደረቀ ወንዝ ለጥ ያለና የሚያምር ነው፣ ግን ሌላ ቦታ የዘነበ ዝናብ ሌሊት ሊመጣበት ይችላል። ጎድጓዳ ቦታም ይቅር፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እዚያ ይተኛል። ትንሽ ከፍ ያለች፣ ከነፋስ የተከለለች ቦታ ትሻላለች። በሩን ከነፋሱ አዙሩት። ካስማውን ራሱን ከድንኳኑ አርቃችሁ አጋድማችሁ ትከሉት።

ሌሊት የሚበርደው ከላይ ይመስላችኋል። ከታች ነው። ስሊፒንግ ባጉ (የመኝታ ከረጢቱ) ከሰውነታችሁ ሥር ተጨፍልቆ ሙቀት መያዙን ይተዋል፤ መሬቱም ይስባችኋል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ከወፍራም ስሊፒንግ ባግ በፊት ጥሩ ምንጣፍ ላይ አውሉት።

ድንኳን ውስጥ ምድጃም ከሰልም አይቀጣጠልም። ዝናብ ቢዘንብም፣ በሩ ክፍት ቢሆንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ብቻውን የተኛን ሰው ደግሞ የሚቀሰቅስ የለም። ሞተሩ እየሠራ መኪና ውስጥ መተኛትም ያው ነው። ዝናብ ከሆነ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በልታችሁ ተኙ። አንድ ቀን ትኩስ ነገር ባትበሉ አትሞቱም።

ምግብ፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ድንኳን ውስጥ አይደር። ሽታው እንስሳ ይጠራል። አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ይበቃል፤ ድብ ባለበት አገር ግን የቦታውን ሕግ አንብቡ። በካሊፎርኒያው ዮሰሚቲ ፓርክ ድቦች በር ገንጥለው ስለሚገቡ ማታ ምግብ መኪና ውስጥ መተው ክልክል ነው። ለዚህ የተሠራ የብረት ሣጥን አለ።

ስለ ድምፅ። የመጀመሪያው ሌሊት ሁሉም ነገር ይንኮሻኮሻል። ቅጠል ላይ የምትሄድ አይጥ ድንኳን ውስጥ ላለ ሰው በሬ ታክላለች። ይህ ያልፋል። እኔን የሚያረጋጋኝ ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን መያዙ ነው። የመኪናው ቁልፍ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ካለው የድንኳን ኪስ ውስጥ ነው። የግንባር ባትሪው ከጎኑ። ጫማዬ ከራስጌዬ። መኪናው አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ ቆሟል። ቁልፉ ላይ አላርም ማስጮኺያ ካለ፣ እሱን መጫን ከጩኸት ይሻላል። ቦታው ደስ ካላለኝ፣ ምክንያቱን ባላውቀውም፣ ድንኳኑን ጠቅልዬ እሄዳለሁ። ለማንም ማስረዳት የለብኝም። ብቻ የመሆን ጥቅሙ ይህ አይደል?

ሰው መጥቶ «ብቻሽን ነሽ?» ካለኝ ደግሞ «ጓደኞቼ እየመጡ ነው» እላለሁ። እዚህ ላይ ውሸት ኃጢአት አይመስለኝም።

ተራራ

ብቻችሁን ከሆናችሁ ምልክት ያለውንና ሰው የሚሄድበትን መንገድ ምረጡ። ለአጭር መንገድ ብላችሁ አትገንጠሉ።

ሰዓት ማስላት ቀላል ነው። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 ያወጣው ቀመር እስከዛሬ ይሠራል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። 12 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 600 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይፈጃል። ዕረፍት፣ ፎቶና ድካም አልገባበትም፤ እኔ ግማሹን ያህል እጨምርበታለሁ።

ከዚህ ላይ የመመለሻ ሰዓት ይወጣል። ወገባችሁ ላይ ያለው ድካም ሳይሆን ሰዓቱ ነው የሚመልሳችሁ። እኔ እጄ ላይ በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ጫፉ ዓይኔ ሥር ቢሆንም እመለሳለሁ። ያ የጎደለው ሁለተኛ ሰው እዚህ ላይ ነበር የሚቆጣኝ። እሱን ወክሎ የሚቆጣኝ እጄ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር ይበርዳል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል። ስለዚህ ከታች ሙቀት ቢሆንም ሹራብና የዝናብ ልብስ አይቀርም። ነጎድጓድ ሲመጣ ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ቁጠሩ። ድምፁ ከ30 ሴኮንድ በፊት ከደረሰ ከጫፍና ከገላጣ ቦታ ውረዱ፣ ከብቸኛ ዛፍም ራቁ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱበት።

ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ከዚያ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ባትሪ የሚበላው ኔትወርክ ፍለጋው ነው። ጂፒኤሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። መንገድ በተከፈለ ቁጥር ደግሞ ዞር ብላችሁ ወደ ኋላ ፎቶ አንሱ። ስትመለሱ የምታዩት ያንን ገጽታ ነውና።

ፊሽካ አንገት ላይ ይንጠልጠል እንጂ ቦርሳ ውስጥ አይግባ። ከአልፕስ ተራሮች የመጣው የ«ድረሱልኝ» ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና ስድስት ነው። መልሱ ሦስት ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን ሦስቱ ራሱ የ«ድረሱልኝ» ምልክት ነው።

የቀረውን ባጭሩ። ጫማ ተረከዝን ማቃጠል ሲጀምር ያኔውኑ ፕላስተር ለጥፉ፣ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ዘግይቷል። የወንዝ ውሃ ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይፍላ፤ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ። ለመጸዳዳት ከውሃ 60 ሜትር ራቁና ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ተመለሱ።

ዋሻው

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ብቻችሁን» የማልለው ይህን ብቻ ነው። አስጎብኚ የሌለው ዋሻ ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ። «ትንሽ ልይ» ብላችሁም አትግቡ። በ1925 ፍሎይድ ኮሊንስ የሚባል ሰው፣ ያውም የዋሻ አሳሽ፣ ኬንታኪ ውስጥ ብቻውን ጠባብ ዋሻ ገባ። አንድ ድንጋይ እግሩን ያዘው። ሰዎች ደርሰው ምግብ ሁሉ ያቀብሉት ነበር፤ ግን ሳያወጡት እዚያው ሞተ። ልምድ አልጎደለውም። ስለዚህ ነው ዋሻ አሳሾች ቢያንስ ሦስት፣ ይልቁንም አራት ሆነው የሚገቡት። አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ ሁለቱ ለእርዳታ ይወጣሉ። ሂሳቡ ለአንድ ሰው አይሠራም።

ከአስጎብኚ ጋር ግን ብቻውን የመጣ ሰው ንጉሥ ነው። ሰልፉ ላይ ከአስጎብኚው ቀጥሎ ሁኑ። ሁሉን ትሰማላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ። ኋላ ያሉት ማሚቶ ነው የሚደርሳቸው። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ንገሩት፤ የትኛው ቦታ ላይ መመለስ እንደሚቻል እሱ ያውቃል።

የዋሻ ሙቀት ክረምት ከበጋ ብዙም አይለዋወጥም። ከላይ ካለው መሬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ማሞዝ 12 ዲግሪ፣ የስሎቬኒያው ፖስቶይና 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ውጭ 30 ዲግሪ ሆኖ ቲሸርት ለብሶ የገባ ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ ክንዱን ማሸት ይጀምራል። አየሩ እርጥብ፣ መሬቱ የሚያዳልጥ ነው። ሶሉ የሚይዝ ጫማና ሹራብ ይበቃል። መብራት ቢኖርም የግንባር ባትሪያችሁን ያዙ።

ድንጋዩን አትንኩ። ከጣሪያው የሚንጠለጠሉት ብዙዎቹ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አያድጉም። ከእጃችን የሚቀረው ወዝ ውሃው የሚያመጣው ማዕድን እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ ያጠቁረዋልም። ትንፋሻችንም ቢሆን ይጎዳል። ጥንታዊ ሥዕል ያለበት የፈረንሳዩ ላስኮ ዋሻ በ1948 ለጎብኚ ተከፍቶ በ1963 የተዘጋው የሰዉ ትንፋሽና የሚያመጣው እርጥበት ሥዕሎቹን ስለጎዳ ነው።

ልብስና ጫማ ላይ ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሌላ ዋሻ የገባችሁበትን ጫማና ልብስ ይዛችሁ አትሂዱ። የሌሊት ወፎችን የሚገድል ፈንገስ አለ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2006 ኒው ዮርክ ግዛት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሌሊት ወፎች አልቀዋል። የፈንገሱ ዘር በጭቃና በጨርቅ ይጓዛል። አንዳንድ ዋሻ ስትወጡ የሚያጸዳ ፈሳሽ ውስጥ በተነከረ ምንጣፍ ላይ የሚያስረግጧችሁ ለዚህ ነው። እኔ የዋሻ ልብሴን ለብቻው በላስቲክ ቦርሳ አስሬ ነው የምይዘው። የተኙ የሌሊት ወፎች ካያችሁ ድምፅ ቀንሱ፣ ፍላሽ አታብሩ።

አብዛኛው አስጎብኚ ድቅድቁን ጨለማ ለማሳየት አንድ ቦታ ላይ መብራት ያጠፋል። ያኔ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። የአንድ ሰው የስልክ መብራት ለሁሉም ያበላሸዋል፤ ሁሌም አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም።

ከዋሻው ከወጣችሁ በኋላ

ወዲያው መሪ አትያዙ። ከጨለማ ወደ ፀሐይ የወጣ ዓይን ይንጸባረቅበታል። ጥላ ሥር ቁጭ ብላችሁ ውሃ ጠጡ፣ ልብስ ቀይሩ። ቤት ሩቅ ከሆነም ያን ቀን አትሂዱ፤ አንድ ሌሊት ጨምሩ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው የመጨረሻው ቀን ላይ ነው፤ ብዙ ድካም የተጠራቀመውም ያን ቀን ነው።

ቤት ስትደርሱ ድንኳኑን እንደተጠቀለለ አታስቀምጡት። ደረቅ ቢመስልም ዘርግታችሁ አናፍሱት፤ እርጥበት ካለ ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም። የግንባር ባትሪውን ድንጋይ አውጡ፤ ከቆየ ውስጡ ያለው ኬሚካል ይፈስና ያበላሸዋል። ከሁሉ በፊት ግን፣ ገና ከመኪናው ሳትወርዱ፣ ቤት ለቀረው ሰው «ደርሻለሁ» በሉት። አለዚያ 3 ሰዓት ላይ ጠባቂዎቹ እናንተን ፍለጋ ይወጣሉ።